ባሕር የወደቀን ሰው ምን ይገድለዋል?

ባሕር ላይ የሚሞት ሰው ሁሉ ሰጥሞ ይሞታል የሚለው እምነት ለብዙ ዘመን የመርከበኛውም የሐኪሙም እምነት ነበር። አስከሬኑ ከውኃ ስለወጣ መዝገብ ላይ "ሰጥሞ ሞተ" ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው በ18ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ቢነሣም መልሱ ተጣርቶ ሥራ ላይ እስኪውል ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ሐኪሞች፣ የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ መሐንዲሶችና ራሳቸው መርከበኞቹም ተካፍለውበታል። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1790 መጨረሻ አንድ የአሜሪካ መርከብ በእንግሊዝ አገር፣ የመርሲ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት የአሸዋ ደለል ላይ ተሰበረ። መርከበኞቹ እርዳታ እስኪደርስ ስብርባሪው ላይ ተንጠልጥለው ቆዩ፤ ከፊሎቹ ሞቱ፣ ከፊሎቹ ተረፉ። በሊቨርፑል ከተማ የሚሠራው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ጄምስ ከሪ የተረፉትን እየጠየቀ ሲያጣራ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። ውኃው ውስጥ ተዘፍቀው የቆዩት በሕይወት ሲወጡ፣ ከፍ ብለው ነፋሱና ውርጩ ሲመታቸው፣ ማዕበሉም አንዴ ሲያለብሳቸው አንዴ ሲገልጣቸው የነበሩት ቀድመው ሞተዋል። ጉዳዩ የመስጠም ብቻ ቢሆን ኖሮ ከውኃው በላይ የነበሩት ነበሩ መትረፍ የሚገባቸው። ከሪ በዚህ ሳያበቃ ፈቃደኛ ሰዎችን በቀዝቃዛ ጨዋማ ውኃ ውስጥ እየነከረ ሙቀታቸውን በቴርሞሜትር ለካ፤ ውጤቱንም በ1797 ባሳተመው የሕክምና መጽሐፍ አካተተው። የባሕርን ቅዝቃዜ በሙከራ የመረመረ ቀዳሚ ሐኪም ሊባል ይገባዋል። ሥራው ግን መቶ ሃምሳ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ተከታይ አላገኘም።

የ19ኛው ምዕተ ዓመት ትኩረት ሰውን ውኃ ላይ ማንሳፈፍ ነበር። በ1854 የእንግሊዝ ነፍስ አድን ጀልባዎች ማኅበር መርማሪ የነበረው ካፒቴን ጆን ሮስ ዋርድ፣ የቡሽ ቁርጥራጭ በሸራ ላይ የተሰፋበት ጃኬት ሠራ። ቀዛፊዎቹ ግን ብዙም አልወደዱትም። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1861 በዊትቢ ወደብ ከባድ ማዕበል ተነሥቶ መርከብ በመርከብ ላይ ይሰበር ነበርና፣ የነፍስ አድን ጀልባው ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ዋለ። በመጨረሻው ጉዞ ተገለበጠ። ከአሥራ ሦስቱ ቀዛፊዎች አሥራ ሁለቱ ሞቱ፤ የተረፈው ሄንሪ ፍሪማን ብቻ ሲሆን አዲሱን የቡሽ ጃኬት የለበሰውም እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ጃኬቱ ጥቅም መከራከር ቀረ።

የማንሳፈፍ ዘመን ገደቡ የታየው ኤፕሪል 15 ቀን 1912 ሌሊት፣ ታይታኒክ ስትሰጥም ነው። መርከቧ 2,200 ያህል ሰው ጭና ጀልባዎቿ የሚይዙት 1,178 ሰው ብቻ ነበር። 1,500 ያህል ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የነፍስ አድን ጃኬት ለብሰው ነበር፤ ባሕሩም ጸጥ ያለ ነበር። የውኃው ሙቀት ግን ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። ካርፓቲያ የተባለችው መርከብ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ብትደርስም ውኃው ውስጥ በሕይወት የቀረ ሰው አላገኘችም። ተንሳፍፈው የሞቱ ሰዎች መስጠም ብቻውን ሞቱን እንደማያስረዳ የሚናገሩ ምስክሮች ነበሩ፤ የሞታቸው ምክንያት ግን ያው እንደ ልማዱ መስጠም ተብሎ ተመዘገበ። በ1914 ለንደን ላይ የተፈረመው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ስለ ጀልባ ብዛት፣ ስለ ሬድዮ ጥበቃና ስለ በረዶ ቅኝት ደነገገ። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ነበሩ፤ ስለ ቅዝቃዜ ግን የተገኘ ትምህርት አልነበረም።

ያንን ትምህርት ያስገደደው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በአትላንቲክና በሰሜን ባሕር መርከቦች በቶርፒዶ ሲመቱ፣ አውሮፕላኖችም ባሕር ላይ ሲወድቁ፣ የጦር አዛዦች አንድ መራራ እውነት ተረዱ፦ ብዙ ሰው የሚሞተው በጥይቱና በፍንዳታው ሳይሆን መርከቡን ጥሎ ከወጣ በኋላ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1946 ያካሄደው የታልቦት ኮሚቴ ምርመራ፣ በጦርነቱ ካለቁት የባሕር ኃይሉ ሰዎች አብዛኞቹ የሞቱት ውኃ ውስጥ ወይም መንሳፈፊያ ላይ እርዳታ ሲጠብቁ መሆኑን ደመደመ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ሞልናር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የአገሩን ባሕር ኃይል መዛግብት አገላብጦ፣ የውኃውን ሙቀትና ሰው የቆየበትን ሰዓት የሚያነጻጽር ጥናት አወጣ። "በዚህ ውኃ ውስጥ ሰው ስንት ሰዓት ይቆያል?" ለሚለው የፈላጊዎች ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር የተደገፈ መልስ ተገኘ።

ይኸው ጥያቄ በጀርመን በኩል ወደ ወንጀል አመራ። ከ1942 እስከ 1943 በዳኻው ማጎሪያ ካምፕ ዚግሙንድ ራሸር የተባለው የናዚ ሐኪምና ግብረ አበሮቹ 300 የሚሆኑ እስረኞችን በበረዶ ውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ከ80 በላይ የሚሆኑትን ገደሉ። በኑረምበርግ በሐኪሞቹ ላይ የተሰየመው ችሎት በ1947 ፍርድ ሲሰጥ፣ በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር ሁሉ የተመራማሪው የመጀመሪያ ግዴታ የሰውየውን ነጻ ፈቃድ ማግኘት መሆኑን የሚደነግገው ሕግ አብሮ ወጣ። ከዳኻው የተገኘው ቁጥር "ለሳይንስ ይጠቅማል" እየተባለ ለዓመታት ሲጠቀስ ቆይቶ፣ በ1990 ሐኪሙ ሮበርት በርገር መዛግብቱን መርምሮ ሥራው የተዝረከረከና ሊታመን የማይችል፣ ሐሰትም የተቀላቀለበት መሆኑን አሳየ። ከግፍ የተገኘው ነገር ለዕውቀት እንኳ አልበቃም።

በእንግሊዝ ደግሞ በዚያው ዘመን ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ነገር ይካሄድ ነበር። ኤድጋር ፓስክ በማደንዘዣ ሕክምና የሠለጠነ ወጣት ሐኪም ሲሆን በአየር ኃይሉ የፊዚዮሎጂ ቤተ ሙከራ ተመድቦ ነበር። የቀረበለት ችግር ይህ ነው፦ አውሮፕላን አብራሪዎች ጃኬታቸውን እንደለበሱ ሞተው ይገኛሉ። ጃኬቱ የሚፈተነው ደህና በሆኑ ዋናተኞች ነበር፤ ባሕር ላይ የሚወድቀው አብራሪ ግን ብዙ ጊዜ ቆስሎ ራሱን የሳተ ነው። ነቅቶ ያለ ሰው የቱንም ያህል "ዝልፍልፍ በል" ቢሉት አንገቱ ይጠነክራል፣ አፉን ከውኃ ያርቃል። ስለዚህ ፓስክ እውነተኛ ራስን የሳተ ሰው አስፈለገው፤ ያንን ሰው ራሱን አደረገ።

ባልደረቦቹ፣ በተለይም የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ሮበርት ማኪንቶሽ፣ ፓስክን በከባድ ማደንዘዣ ያስተኙታል። ውኃ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ቱቦ በጉሮሮው በኩል ወደ አየር ቧንቧው ይሰዳሉ፤ ረጅም ጎማ ከቱቦው ጋር አያይዘው ከዳር ሆነው ያስተነፍሱታል። ከዚያ የሚፈተነው ጃኬት ይለብስና ገንዳ ውስጥ ይጣላል። ፊልም ይነሣል። ጃኬቱ መጥፎ ከሆነ ፓስክ በግንባሩ ይደፋል፣ አንዳንዴም ወደ ገንዳው ወለል ይወርዳል። ፊልሙ ላይ የታየው ነገር ግልጽ ነበር፤ ከተፈተኑት ጃኬቶች አብዛኞቹ ራሱን የሳተ ሰው አያድኑም። ጥሩ ጃኬት ማለት በግንባሩ የተደፋን ሰው በራሱ ኃይል በጀርባው የሚገለብጥ፣ አንገትና ጭንቅላቱን የሚደግፍ፣ አፉንም ከውኃው ከፍ አድርጎ የሚይዝ ነው ተባለ። ከጦርነቱ በኋላ ማኪንቶሽና ፓስክ ይህን ፈተና በ1957 ባወጡት ጽሑፍ አስፋፉት፤ በሰው ፈንታም እንደ ሰው የሚዘለፈለፍ አሻንጉሊት ሥራ ላይ እንዲውል አደረጉ። ዛሬ መርከብ ላይ የሚገኝ ጃኬት ሁሉ አንገት ዙሪያና ደረት ላይ የሚወፍረው ከዚያ ገንዳ በተገኘ ዕውቀት ነው። ፓስክ በ1966 ገና በ50ዎቹ ዕድሜው አረፈ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደሱ የሚከበር ሰው ጥቂት ነው።

ጦርነቱ የሥነ ልቦና ሊቃውንትንም ወደ ባሕር ጠራ። የእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ አየር ጓድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦችን በራዳር ያድን ነበር። ራዳሩ አዲስ ቴክኖሎጂ ነው፤ የሚመለከተው ግን የሰው ዓይን ነው። ኦፕሬተሩ ለሰዓታት መስታወት ላይ አፍጥጦ ምናልባት አንዲት ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ካመለጠችው ሰርጓጁ አመለጠ ማለት ነው። አንድ ሰው በንቃት ማየት የሚችለው ለምን ያህል ጊዜ ነው? ጥያቄው በካምብሪጅ ለነበረው ኖርማን ማክዎርዝ ቀረበ።

ማክዎርዝ ቁጥር የሌለው ነጭ የሰዓት ገጽታ ሠራ። ጥቁር ዘንግ በየሴኮንዱ አንዲት እርምጃ ትዘላለች፤ በመቶ እርምጃ አንድ ዙር ትጨርሳለች። አልፎ አልፎ ግን በአንዴ ሁለት እርምጃ ትዘላለች፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ ብቻ። ተፈታኙ ለብቻው ጎጆ መሰል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ድርብ ዝላይ ባየ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። ፈተናው ሁለት ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከመቶ 16 የሚሆኑት ዝላዮች አመለጡ፤ በሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ያመለጡት ከሩብ በለጡ፤ ከዚያ በኋላም አልተሻለም። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ የተመረጡ የባሕርና የአየር ኃይል ሰዎች ነበሩ። ውድቀቱ የሰው አእምሮ ተፈጥሮ መሆኑ ነው የታወቀው። ሌላም ነገር ተገኘ፦ በመሐል ስልክ ተደውሎ "እባክህ በርታ" ቢባል ንቃቱ ይመለሳል፤ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ግማሽ ሰዓት ቢያርፍም አይወድቅም። ጥናቱ በ1948 ታተመ። በመርከብ ድልድይ፣ በአውሮፕላን መቆጣጠሪያ ማማና በፋብሪካ ለሚሠራ የክትትል ሥራ ሁሉ መሠረት የሆነው ይህ ነው።

መሣሪያ መኖሩ ብቻ ደኅንነት እንደማይሆን በጁላይ 25 ቀን 1956 እንደገና ታየ። አንድሪያ ዶሪያ የተባለችው የጣሊያን መርከብና ስቶክሆልም የተባለችው የስዊድን መርከብ በአሜሪካ ጠረፍ አቅራቢያ ተጋጩ፤ 51 ሰዎች ሞቱ። ሁለቱም ራዳር ነበራቸው፤ ሁለቱም ቀድመው ተያይተዋል። ያዩትን ግን የተረዱት በየፊናቸው ነበር።

በ1950ዎቹ የቅዝቃዜው ጥናት ካቆመበት ቀጠለ። ግሪፊዝ ፒው፣ በ1953 ኤቨረስት ከተወጣበት ቡድን ጋር የነበረው ፊዚዮሎጂስት፣ የእንግሊዝን ሰርጥ የሚያቋርጡ ዋናተኞችን መረመረ፤ ከባልደረባው ኤድሆልም ጋር በ1955 ባወጡት ጽሑፍ ሰፍሮ የሚገኘው ትልቁ ግኝት ከቆዳ በታች ያለ ስብ ሙቀትን እንዴት እንደሚይዝ ነው። ዊልያም ኪቲንጅ ደግሞ ለባሕር ኃይሉ ሲሠራ ከቀድሞው እምነት ጋር የሚጋጭ ነገር አገኘ። መርከበኛ ውኃ ውስጥ ሲገባ እንዲሞቀው ልብሱን አውልቆ እንዲዋኝ ይመከር ነበር። ኪቲንጅ በሙከራ ያየው ተቃራኒውን ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ደሙን ወደ ክንድና እግሩ እየላከ ሙቀቱን ለባሕሩ ያስረክባል። ውኃ ሙቀትን ከአየር ሃያ አምስት እጥፍ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ይወስዳል። ልብስ ግን ርሶም ቢሆን ቆዳ ዙሪያ ያለውን ውኃ ስለሚይዝ ይረዳል።

ይህን ያረጋገጠው የሚያሳዝን አጋጣሚ ነው። በዲሴምበር 1963 ላኮኒያ የተባለች የግሪክ የሽርሽር መርከብ ለገና በዓል የወጡ መንገደኞችን እንደያዘች ከማዴይራ ደሴት በስተሰሜን በእሳት ተያያዘች። 128 ሰዎች ሞቱ። አካባቢው ሞቃት የሚባል ሲሆን የውኃው ሙቀት 18 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ሟቾቹም አብዛኞቹ ጃኬት ለብሰው ነበር። ኪቲንጅ ጉዳዩን መርምሮ አብዛኞቹን የገደላቸው ቅዝቃዜ መሆኑን በ1965 ጻፈ። ከዚያ በኋላ "ውኃው አይቀዘቅዝም" የሚል ማመካኛ ዋጋ አጣ።

በ1970ዎቹ በካናዳ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሄይዋርድና ባልደረቦቹ ሙቀትን በሚያሳይ ካሜራ ከውኃ የወጡ ሰዎችን አነሡ። ሙቀት በብዛት የሚወጣው ከብብት፣ ከጎንና ከብሽሽት በኩል መሆኑ ታየ። ስለዚህ ጃኬት የለበሰ ሰው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ ቢቆይ፣ ብዙ ከሆኑም ተቃቅፈው ቢጠጋጉ ሙቀታቸው እንደሚቆይ አስተማሩ። ይህ አቀማመጥ እስካሁን በባሕረኞች ሥልጠና ይሰጣል።

በዚህ ጊዜ ተመራማሪዎቹ ሁሉ ስለ ሰዓታት ያስቡ ነበር። ሞቱ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነበር የሚደርሰው። በ1977 የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያሳተመው ሪፖርት፣ በክፍት ውኃ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መዳን ከሚችሉበት ቦታ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ እንዳሉ መሞታቸውን፣ ብዙዎቹም ጥሩ ዋናተኞች እንደነበሩ ገለጸ። ሦስት ሜትር ለመዋኘት ሰውነት እስኪቀዘቅዝ የሚወስደው ጊዜ አያስፈልግም። እንግዲያው የሚገድለው ሌላ ነገር ነው።

መልሱን ያቀናበሩት የባሕር ኃይሉ ሐኪም ፍራንክ ጎልደንና ከሱ ጋር የሠራው ማይክ ቲፕተን ናቸው። ጎልደን ከባልደረባው ሄርቪ ጋር በ1981 አደጋውን በአራት ምዕራፍ ከፈለው፦ ውኃ ውስጥ ሲገባ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች፣ ከዚያ እስከ ግማሽ ሰዓት ያለው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያለው፣ በመጨረሻም የመዳኑ ሰዓት ራሱ። ቲፕተን በ1989 የመጀመሪያውን ምዕራፍ በዝርዝር አወጣው። ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሰው ሳይፈልግ ከ2 እስከ 3 ሊትር አየር በአንዴ ይስባል፤ ከዚያ ትንፋሹ ይጣደፋል፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ያሻቅባል። በየብስ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን መያዝ የሚችል ሰው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይይዛል። ያ የመጀመሪያ ትንፋሽ ጭንቅላቱ ውኃ ውስጥ እያለ ከመጣ አየር ሳይሆን ባሕር ነው የሚስበው፤ አንድ ሊትር ተኩል ያህል የባሕር ውኃ ሳንባ ውስጥ ከገባ ደግሞ አዋቂን ሰው ለመግደል ይበቃል። የቅዝቃዜ ድንጋጤ የሚባለው ይህ ሲሆን ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ይበርዳል። ሙቀት ወርዶ ሰውን ለመግደል ግን በበረዶ ውኃ ውስጥ እንኳ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በመሐሉ የክንድና የእግር ጡንቻዎች ይደነዝዛሉ፤ ዋናተኛው ዋናውን የሚያጣው ያኔ ነው።

አራተኛው ምዕራፍ ይበልጥ ያስቆጫል፤ ሰው በነፍስ አድን ሠራተኞች እጅ ላይ እያለ ይሞታል። ጎልደን ምክንያቱን አብራራ። ውኃ ውስጥ ያለ ሰው እግሩን ውኃው ስለሚጫነው ደሙ ወደ ልብ በቀላሉ ይመለሳል። በሄሊኮፕተር ገመድ ብብቱን ታስሮ ቀጥ ብሎ ሲነሣ ያ ግፊት ይጠፋል፣ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፣ የቀዘቀዘው ልብም አይችለውም። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ሁለተኛ ማንጠልጠያ ከጉልበቱ ሥር አግብቶ ሰውየውን እንደተጋደመ ማንሣት፣ ከወጣ በኋላም እንዳይቆምና እንዳይራመድ መከልከል።

ከዚህ ሁሉ ሕግ ውጭ የሆነ የሚመስል ሰው በ1984 በአይስላንድ ታየ። በማርች ወር አንዲት የዓሣ ጀልባ በቬስትማን ደሴቶች አጠገብ ስትሰጥም ጓደኞቹ አራቱ ሲሞቱ፣ ጉድላውጉር ፍሪድቶርሶን የተባለው ወጣት ከ5 እስከ 6 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ለአምስት ሰዓት ያህል ዋኝቶ የብስ ደረሰ። ኪቲንጅና አይስላንዳውያን ተመራማሪዎች በፈቃዱ ሲፈትኑት ከሌላው ሰው የሚበልጥ ስብ ሰውነቱን እንደሸፈነው አገኙ። የፒው የ1955 ግኝት ሕይወት ባለው ሰው ተመሰከረ።

ሥነ ልቦናው በበኩሉ ከራዳር ኦፕሬተሩ ወደ ተጎጂውና ወደ አመራሩ ዞረ። በኦገስት 1979 ከእንግሊዝ ወደ ፋስትኔት ዓለት በተደረገው የጀልባ ውድድር ከተነሡት 303 ጀልባዎች 24ቱ በማዕበሉ መሐል በባለቤቶቻቸው ተተዉ፤ 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ከተተዉት ጀልባዎች 5ቱ ብቻ ናቸው የሰጠሙት፤ ሌሎቹ በኋላ ተንሳፍፈው ተገኙ። ማርች 6 ቀን 1987 ደግሞ ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የተባለችው መርከብ ከቤልጅጉ ዜብሩገ ወደብ የፊት በሯ ሳይዘጋ ወጥታ ተገለበጠች፤ 193 ሰዎች ሞቱ። በሩን መዝጋት የነበረበት ሠራተኛ ተኝቶ ነበር፤ የመርማሪው ዳኛ ሪፖርት ግን በአንድ ሰው አላሳበበም፣ ጥፋቱ ከኩባንያው አመራር ጀምሮ እንደነበረ ደመደመ። ካፒቴኑ በሩ መዘጋቱን ከድልድዩ የሚያውቅበት መብራት እንኳ አልነበረም። ዛሬ ኩባንያዎችን የሚያስገድደው ዓለም አቀፍ የደኅንነት አመራር ደንብ በ1993 የጸደቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአደጋው በሕይወት የወጡት ሰዎች ጉዳትም መጠናት ጀመረ። በ1988 ጁፒተር የተባለች መርከብ 400 የሚሆኑ የእንግሊዝ ተማሪዎችን እንደያዘች በግሪክ ፒሬየስ ወደብ አጠገብ ሰጠመች። የሞቱት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የለንደኑ የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ዩልና ባልደረቦቹ የተረፉትን ተማሪዎች ለዓመታት ተከታትለው፣ ከተመረመሩት ግማሽ ያህሉ ከአደጋ በኋላ በሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ሕመም መያዛቸውን አገኙ። ልጆች ቶሎ ይረሳሉ የሚለው አባባል በዚህ ተሻረ።

በሴፕቴምበር 1994 ኢስቶኒያ የተባለችው መርከብ በባልቲክ ባሕር ስትሰጥም 852 ሰዎች ሞተው 137 ብቻ ተረፉ። ከተረፉት አንዳንዶቹ፣ ሌሎች መንገደኞች መውጣት እየቻሉ ተቀምጠው እንደቀሩ መሰከሩ። የላንካስተር ዩኒቨርሲቲው ጆን ሊች እንዲህ ያለውን ባሕርይ ለዓመታት አጥንቷል። እንደሱ ግምት በድንገተኛ አደጋ ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው ሰው ረግቶ ያስባል፤ ያንኑ የሚያህለው ነገር የሚያባብስ ሥራ ይሠራል፤ ሦስት አራተኛው ደንዝዞ ይቀራል። ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ አይደለም። አእምሮ አዲስ ዕቅድ ለማውጣት የሚፈልገውን ጊዜ አደጋው አይሰጠውም፤ ቀድሞ የተለማመደው ነገር ካለ ግን ወዲያው ያወጣዋል። የመርከብ ሠራተኞች ልምምድ እየተደጋገመ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያውያን ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም። ኖቬምበር 23 ቀን 1996 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ተጠልፎ ነዳጅ ሲጨርስ ካፒቴን ልዑል አባተ በኮሞሮስ ደሴቶች ጠረፍ አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175ቱ ሰዎች 50ዎቹ ተረፉ። ከሞቱት ውስጥ ብዙዎቹ ከግጭቱ የተረፉ ነበሩ፤ ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ በመንፋታቸው ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸውና ጠልቀው ወደ በሩ መውጣት አልቻሉም። የፓስክ ትውልድ ያሻሻለው መሣሪያ በማይሆን ሰዓት ሲነፋ ገዳይ ሆነ። የበረራ አስተናጋጆች ጃኬት የሚነፋው ከአውሮፕላኑ ሲወጡ ብቻ ነው እያሉ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ልብ ብሎ ማዳመጥ ይገባል።

በቴክኖሎጂ በኩል ትልቁ ለውጥ ሳተላይት ነው። አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ካናዳና ፈረንሳይ በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል ተስማምተው በ1982 የመጀመሪያውን የአደጋ ምልክት ተቀባይ ሳተላይት አመጠቁ፤ በዚያው ዓመት የሰው ሕይወት ዳነ። በ1999 ዓለም አቀፉ የባሕር አደጋ ጥሪ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ።

ሕክምናውም ተራመደ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2011 በዴንማርክ ፕሬስቶ ባሕረ ሰላጤ 13 ተማሪዎችና 2 መምህራን የያዘች ጀልባ 2 ዲግሪ በሆነ ውኃ ተገለበጠች። አንድ መምህር ሞተ። ሰባቱ ተማሪዎች ልባቸው ቆሞ ነበር፤ የሰውነታቸው ሙቀትም ከ20 ዲግሪ በታች የወረደባቸው ነበሩ። ሐኪሞች ደማቸውን ከሰውነታቸው ውጭ በሚያሞቅና ኦክስጅን በሚሰጥ ማሽን አሳልፈው ቀስ በቀስ አሞቋቸው። ሰባቱም ተረፉ። ቅዝቃዜ ሰውን እንደሚገድል ሁሉ፣ አንጎልን አስቀድሞ ካቀዘቀዘው ደግሞ ጊዜ እንደሚሰጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ማሸነፍ የሚቻልበት መንገድም ተገኘ። ለሦስት ሦስት ደቂቃ አምስት ስድስት ጊዜ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መግባት የቅዝቃዜ ድንጋጤውን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል፤ ውጤቱም ለወራት ይቆያል። ማርቲን ባርዉድና ቲፕተን በ2006 ባወጡት ሙከራ ደግሞ፣ ሰዎች ውኃ ውስጥ ሳይገቡ አእምሯቸውን የማረጋጋት ሥልጠና ብቻ ቢሰጣቸው በቀዝቃዛ ውኃ ትንፋሻቸውን የሚይዙበት ጊዜ ጎልቶ መጨመሩን አሳዩ። ፊዚዮሎጂውና ሥነ ልቦናው እዚህ ላይ ተገናኙ። ከዚህ ሁሉ የወጣው ምክር አጭር ነው፦ ውኃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው ወዲያው ለመዋኘት አይታገል፤ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አዘንብሎ በጀርባው ይንሳፈፍ፤ ትንፋሹ ሲረጋጋ እርዳታ ይጥራ ወይም ይዋኝ። የእንግሊዝ ነፍስ አድን ጀልባዎች ማኅበር ከ2017 ጀምሮ ይህንኑ ለሕዝብ ያስተምራል።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ግን ሰው አሻጋሪዎች በየመን ሻብዋ ጠረፍ አጠገብ ከመቶ በላይ ሶማሊያውያንና ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ከጀልባ እየገፉ ባሕር ውስጥ ጣሉ፤ እስከ 50 የሚደርሱት እንደሰጠሙ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት አስታወቀ። በዚያ ባሕር ላይ የሚገድለው ቅዝቃዜ አይደለም፤ ጃኬት አለመኖር፣ ዋና አለመቻልና የሰው ጭካኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከመቶ 92ቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ድርጅቱ የሚመክራቸው እርምጃዎች፣ ከእነሱም መካከል ለትምህርት ለደረሱ ልጆች ዋና ማስተማር፣ የጀልባ ደንብ ማውጣትና ሕዝቡን በነፍስ አድን ሥራ ማሠልጠን፣ ሁሉም በጥናት የተፈተኑ ናቸው።